የመኪና አምፕንና ሰብዉፈርን በኦም ማጣጣም፦ ከወረቀት ሥዕል እስከ ጌይን

እኔ ጋ ተቃጥለው የሚመጡ አምፖች (የመኪና ድምፅ ማጉያዎች) ብዙዎቹ የሞቱት ድምፅ ስለበዛባቸው አይደለም፤ ከሚችሉት በታች ኦም ስለተጫነባቸው ነው። ጎንደር ላይ ጥምቀት ሲቃረብ ሚኒባሱም ቪትዙም ቤዝ ይፈልጋል። ባለመኪናው ካርቶኑ ላይ ትልቅ ዋት የተጻፈበትን አምፕ ከአንድ ሱቅ፣ ሰብዉፈሩን (ቤዝ የሚያወጣውን ትልቁን ስፒከር) ከሌላ ሱቅ ይገዛል። ሁለቱ ይስማሙ አይስማሙ የሚጠየቀው ገጣሚ ጋ ከደረሱ በኋላ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ስለዚህ ይህን ከግዢ በፊት ብታነቡት ይመረጣል። ገዝታችሁ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ፤ ብዙ ጊዜ ገመዱን በሌላ መንገድ ማገናኘት ብቻ ነገሩን ያድነዋል።

የሚያስፈልጋችሁ ዲጂታል ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ አንድ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ወረቀቱ ነው።

ኦም ሲቀንስ ምን ይሆናል

ኦም ሰብዉፈሩ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ ነው። ተቃውሞው ሲያንስ ከአምፑ የሚወጣው ከረንት ይበዛል። አምፑ 20 ቮልት አወጣ እንበል። 4 ኦም ላይ 5 አምፔር ይሄዳል፤ ኃይሉ 100 ዋት ነው። 2 ኦም ላይ 10 አምፔርና 200 ዋት፣ 1 ኦም ላይ 20 አምፔርና 400 ዋት ይሆናል። ግማሽ ኦም ላይ 40 አምፔርና 800 ዋት፤ በወረቀት ማለቴ ነው። በተግባር እዚያ ሳይደርስ አምፑ ራሱን ያጠፋል፣ ካልሆነም ይቃጠላል።

ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ያያል፤ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ገመዱ ላይ የሚባክነው ሙቀት አራት እጥፍ መሆኑን፣ ትራንዚስተሮቹም አብዝተው መጋላቸውን አያይም። አምፕን ከተጻፈለት ኦም በታች ማሠራት ትርፍ ሰው እንደ መጫን ነው፤ ሜዳው ላይ ይሄዳል፣ ጉዱ የሚታየው ዳገት ላይ ነው። ከተማችን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ የሳሳ አየር ከብረት ላይ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። ወደ መተማ ስትወርዱ አየሩ ይወፍራል፤ ግን ራሱ የጋለ ነው። ወንበር ሥር ምንጣፍ ተጭኖበት የተደበቀ አምፕ በሁለቱም ቦታ ይቸገራል።

ኦሙ ከፍ ሲል ግን የሚጎዳ ነገር የለም። ለ2 ኦም በተሠራ አምፕ ላይ 4 ኦም ብታስገቡ ዋት ይቀንስባችኋል እንጂ አምፑ እንዲያውም ቀዝቀዝ ብሎ ይሠራል።

አንደኛ፦ ሰብዉፈሩን ለኩ

ሰብዉፈሩን ገልብጡና ተርሚናሎቹን ቁጠሩ። አንድ ጥንድ + እና − ብቻ ካለው ባለ አንድ ኮይል (ከሾጣጣው ጋር የተያያዘ የሽቦ ጥቅል) ነው፤ ሁለት ጥንድ ካለው ባለ ሁለት ኮይል ነው። ባለ ሁለት ኮይል ሰብዉፈር ማግኔት ላይ «4 ኦም» ተብሎ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የእያንዳንዱን ኮይል ማለቱ ነው። ይህችን ያላወቀ ሰው ሁለቱን ኮይል አንድ ላይ ጠቅልሎ ያስርና 4 ኦም ያለው ይመስለዋል፤ ያለው ግን 2 ነው።

ቴስተሩን ኦም ላይ፣ ዝቅተኛው መስመር ላይ አድርጉ። መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ አነካኩ፤ 0.2 ወይም 0.3 ያህል ያሳያል። ይህ የቴስተሩ የራሱ ገመድ ስለሆነ ከምታነቡት ላይ ሁልጊዜ ቀንሱት። ከዚያ እያንዳንዱን ኮይል ለብቻው ለኩ። ቴስተር የሚለካው የሽቦውን ተቃውሞ ብቻ ስለሆነ ከተጻፈው አነስ ይላል። ባለ 4 ኦም ኮይል ከ3.2 እስከ 3.8፣ ባለ 2 ኦም ኮይል ከ1.6 እስከ 1.9 ካሳየ ጤነኛ ነው። የአንዱ ሰብዉፈር ሁለት ኮይሎች ተቀራራቢ ቁጥር መስጠት አለባቸው። ምንም ቁጥር ካልመጣ ኮይሉ ተበጥሷል፤ በጣም ወርዶ ከተገኘ ሽቦው ተቃጥሎ እርስ በርሱ ተጣብቋል።

ቅዳሜ ገበያ ያገለገለ ሰብዉፈር ለመግዛት ከሄዳችሁ ቴስተሩን ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ከለካችሁ በኋላ ሾጣጣውን በሁለት እጃችሁ ጣቶች ዙሪያውን እኩል እየተጫናችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። ለስለስ ብሎ ገብቶ መመለስ አለበት። ኮረኮረ ወይም ፋቀ ማለት ኮይሉ በሙቀት አብጦ ማግኔቱን እየነካ ነው። ሻጩ መለካታችሁን ካልወደደው እናንተም ዕቃውን አትውደዱት።

የባትሪ ድንጋዩ ሥራ አቅጣጫ ማረጋገጥ ነው። የድንጋዩን + ከሰብዉፈሩ +፣ − ከ − ጋር ለአፍታ አነካኩ፤ ሾጣጣው ወደ ውጭ መዝለል አለበት። ሁለት ሰብዉፈር ካላችሁ አንዱ ወደ ውጭ ሌላው ወደ ውስጥ ከሄደ አንዱ የሚያወጣውን ሌላው ይበላዋል፤ ዋት እያለ ቤዝ ይጠፋል።

ሁለተኛ፦ አምፑ የሚችለውን ዝቅተኛ ኦም አንብቡ

አምፑ ላይ የስፒከር ተርሚናሎቹ አጠገብ፣ አንዳንዴም ከሥሩ፣ ለስቴሬዮ ዝቅተኛው 2 ኦም፣ ለብሪጅ ዝቅተኛው 4 ኦም የሚል ዓይነት ጽሑፍ አለ። ስቴሬዮ እያንዳንዱ ቻናል (የአምፑ የድምፅ መውጫ) ለብቻው ሲሠራ ነው፤ ብሪጅ ሁለት ቻናል ተጣምሮ አንድ ሰብዉፈር ሲያሠራ። ሁለቱ ቁጥሮች የተለያዩት ያለ ምክንያት አይደለም። ብሪጅ ሲደረግ አንዱ ቻናል ሲገፋ ሌላው ይጎትታል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቻናል የሚሰማው የሰብዉፈሩን ግማሽ ኦም ነው። ብሪጅ ላይ 4 ኦም ስታስገቡ እያንዳንዱ ቻናል 2 ኦም የገባበት ያህል ይሠራል። ብሪጅ ላይ 2 ኦም ካስገባችሁ ደግሞ እያንዳንዱ ቻናል 1 ኦም ተጭኖበታል ማለት ነው፤ ስቴሬዮው 2 ለሚለው አምፕ ይህ ሞት ነው። በኛ አካባቢ ባለ ሁለትና ባለ አራት ቻናል አምፖችን በብዛት የሚገድል ነገር ጥቀሱ ብባል ይህንኑ ነው የምጠቅሰው።

ብሪጅ የሚያዘው በሁለት የተለያዩ ቻናሎች ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ በአንዱ + እና በሌላው −። ግን በግምት አትሥሩ፤ አምፑ ላይ በመስመር ተያይዞ ተስሏል። ብሪጅ የሚል ምልክት የሌለው አምፕ ላይ የሁለት ቻናሎችን ገመድ በምንም ዓይነት አታገናኙ። የሰብዉፈሩንም − ከቦዲ ጋር አታስሩ።

ባለ አንድ ቻናሉ፣ ሞኖ የሚባለው አምፕ ብዙ ጊዜ ሁለት ጥንድ የስፒከር ተርሚናል አለው። ሁለት ቻናል እንዳይመስላችሁ፤ ውስጥ ለውስጥ አንድ ናቸው። በአንዱ ጥንድ ባለ 2 ኦም ሰብዉፈር፣ በሌላውም ባለ 2 ኦም ካሰራችሁ አምፑ የሚያየው 1 ኦም ነው።

ሦስተኛ፦ ግንኙነቱን በወረቀት ሳሉ

ሕጉ ሁለት ነው። በሲሪየስ ስታያይዙ፣ ማለትም የአንዱን − ከሌላው + ጋር አስራችሁ የቀሩትን ሁለት ጫፎች ወደ አምፑ ስትወስዱ፣ ኦሙ ይደመራል። በፓራሌል ስታያይዙ፣ ማለትም + ከ +፣ − ከ − ጋር ስታስሩ፣ እኩል ኦም ያላቸው ከሆኑ ኦሙን በብዛታቸው ታካፍላላችሁ። ለዚህም ነው የተለያየ ኦም ያላቸውን ሰብዉፈሮች አንድ ላይ አታያይዙ የምለው፤ በፓራሌል አነስተኛ ኦም ያለው ኃይሉን ጠቅልሎ ይወስዳል።

አንድ ባለ ሁለት ኮይል ሰብዉፈር ካላችሁ ምርጫው ሁለት ብቻ ነው። የ4+4 (እያንዳንዱ ኮይል 4 ኦም) ከሆነ በሲሪየስ 8፣ በፓራሌል 2 ይሰጣል። የ2+2 ከሆነ በሲሪየስ 4፣ በፓራሌል 1። አንዱን ኮይል ባዶ ትቶ በአንዱ ብቻ መሥራት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ሰብዉፈሩ የሚችለው ዋት በግማሽ ይወርዳል፣ የሳጥኑም ስሌት ይበላሻል፣ ስለዚህ አልመክርም።

ሁለት ሰብዉፈር ሲሆን ነው ወረቀቱ የሚያስፈልገው። ሁለት የ4+4 ካላችሁ ሁሉንም በፓራሌል ብታደርጉ 1 ኦም ይመጣል። የእያንዳንዱን ኮይሎች በሲሪየስ አድርጋችሁ ሁለቱን ሰብዉፈሮች በፓራሌል ብታስሩ 4 ይሆናል። ሁለት የ2+2 ከሆኑ ደግሞ በዚሁ በሁለተኛው መንገድ 2 ኦም ታገኛላችሁ፤ ሁሉንም በፓራሌል ካደረጋችሁ ግን ግማሽ ኦም ነው። ልብ በሉ፣ ኮይሎቹን ሁሉ እስከተጠቀማችሁ ድረስ ከሁለት የ4+4 ሰብዉፈር 2 ኦም አይወጣም፤ ከአንድ የ2+2 ሰብዉፈርም እንደዚሁ። ሞኖ አምፓችሁ ዝቅተኛው 2 ኦም ከሆነና ሁለት ሰብዉፈር ከፈለጋችሁ የምትገዙት 2+2 ነው።

በቅርቡ የአዘዞ መስመር የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር መጣ። «ቤዙ ዱም ሲል አምፑ ይጠፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል፤ አርጅቷል መሰለኝ፣ ሌላ ልግዛ?» አለኝ። የኋላውን ወንበር አንስተን የስፒከሩን ገመድ ከአምፑ ነቀልን፤ ጫፎቹ ላይ ቴስተር ስናሳርፍ 0.7 አለ። የቴስተሩ ገመድ 0.2 ስለሆነ የቀረው 0.5 ነው። አምፑ ላይ በግልጽ ዝቅተኛው 2 ኦም ተብሏል። ሰብዉፈሮቹ ሁለት 2+2 ነበሩ፤ አራቱም ኮይል በፓራሌል ታስሯል። ከሳጥኑ አውጥተን በእያንዳንዱ ላይ የአንዱን ኮይል − ከሌላው ኮይል + ጋር በአጭር ገመድ አያያዝን፣ ሁለቱን ሰብዉፈሮች በፓራሌል አስረን መልሰን ስንለካ ቴስተሩ 2.0 አለ፤ 0.2 ሲቀነስለት 1.8፣ ለባለ 2 ኦም ጤነኛ ቁጥር። ሹፌሩ አዲስ አምፕ አልገዛም። የገዛው አንድ ክንድ የማይሞላ ገመድ ነው።

አምፑን ከማብራታችሁ በፊት በሳጥኑ ገመድ ጫፍ ላይ ይህን የመጨረሻ ልኬት መውሰድ አትርሱ። በወረቀት የሳላችሁትና ቴስተሩ የሚለው ካልተስማሙ የተሳሳተው ግንኙነቱ ነው፤ ቴስተሩን አትጠራጠሩ።

አራተኛ፦ ዋቱን አጣጥሙ

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ማክስ ዋት እርሱት። የምትፈልጉት አር ኤም ኤስ (ያለማቋረጥ የሚሠራበት ዋት) የሚለውን፣ ያውም እናንተ በምታስገቡት ኦም ላይ የተጻፈውን ነው። 300 ዋት አር ኤም ኤስ ለሚችል ሰብዉፈር በዚያው ኦም ከ250 እስከ 350 የሚሰጥ አምፕ ይበቃዋል።

ጽሑፉን ካላመናችሁት፣ ብዙውን ጊዜም ባታምኑት ነው የሚሻለው፣ አምፑ ጎን ላይ የተሰካውን ፊውዝ እዩ። ፊውዙን በ13.8 ቮልት አባዙ፣ ክላስ ዲ ከሆነ የውጤቱን 80 በመቶ፣ ክላስ ኤቢ ከሆነ ግማሽ ገደማውን ያዙ (ክላስ የአምፑ አሠራር ዓይነት ነው)። አንድ ባለ 30 አምፔር ፊውዝ ያለው ክላስ ዲ አምፕ 30 × 13.8 = 414፣ በ0.8 ሲባዛ 331 ዋት ነው። ካርቶኑ 3,000 ቢልም ያው 331 ነው።

1 ኦም ካላወረድኩ ሞቼ እገኛለሁ ለምትሉ አንድ ነገር ልበል። ዋት በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ልዩነቱን ይሰማዋል፣ ግን እጥፍ አይመስለውም። እጥፍ እንዲመስለው አሥር እጥፍ ገደማ ዋት ያስፈልጋል። ለ3 ዴሲቤል ብሎ አምፕን፣ ገመድንና ዲናሞን ማስጨነቅ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ለቪትዝ፣ ለኮሮላና ለሚኒባስ 2 ወይም 4 ኦም ላይ ተቀመጡ። የቀረውን ገንዘብ ሳጥኑ ላይ አውሉት፤ በደንብ የተሠራ፣ አየር የማያስወጣ ሳጥን ከዋት ይበልጣል።

አምስተኛ፦ ዲናሞው ይችላል?

የትናንሽ መኪኖች ዲናሞ ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 80 አምፔር ነው። ከዚያ ላይ መኪናው ለራሱ፣ ለመብራት፣ ለፋንና ለነዳጅ ፓምፕ ይወስዳል። 30 አምፔር ተረፈ ብንል ከላይ ባሰላነው መሠረት 330 ዋት ገደማ ነው። ሙዚቃ ያለማቋረጥ ሙሉ ኃይል ስለማይጠይቅ ከዚህ ከፍ ያለ አምፕም መሥራቱ አይቀርም፤ የምቱን ጊዜ ባትሪው ይሸፍናል። ችግሩ መኪናው ሲቆም ነው። መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ዲናሞ የሚሰጠው ከተጻፈው በእጅጉ ያነሰ ነው። ጥምቀት ላይ ታቦት ሲያጅቡ ሰዓታት በእግር ፍጥነት እየሄዱ ሙሉ ድምፅ መክፈት ባትሪውን ያደርቀዋል። ቮልት ሲወርድ ደግሞ የአምፑ ምት ይቆረጣል፣ የተቆረጠ ምት ኮይል ያግላል። ሞተሩ እየሠራ፣ ቤዙ እየመታ የባትሪውን ቮልት ለኩ፤ ከ12.5 በታች እየወረደ የሚመለስ ከሆነ ድምፁን ቀንሱ።

አይሱዙ የጭነት መኪና ላይ ለሚገጥሙ፦ የመኪናው ኤሌክትሪክ 24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባትሪ በሲሪየስ። ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት መስረቅ ሁለቱን ባትሪዎች ያለያያል፤ አንዱ ይደርቃል፣ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል። ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ግዙና የአምፑን መጠን ኮንቨርተሩ በሚችለው አምፔር ወስኑ።

ስድስተኛ፦ ገመድ፣ ፊውዝ፣ ማሳ

ሥራ ስትጀምሩ መጀመሪያ የባትሪውን የ− ሞርሴቶ (የገመድ መቆንጠጫ) ፍቱ። እስከ 50 አምፔር ለሚደርስ አምፕ 8 ጌጅ፣ ማለትም 8 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ የመዳብ ገመድ ይበቃል፤ እስከ 100 አምፔር 4 ጌጅ፣ 21 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ። ገበያ ላይ ግን ውጪው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሞልቷል። አንዱን ክር በምላጭ ፋቁት፤ ቀይ ሆኖ ከቀጠለ መዳብ ነው፣ ነጭ ካወጣ አሉሚኒየም ነው። ርካሽ ስለሆነ ከገዛችሁትም አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ወፈር ያለውን ውሰዱ።

ዋናው ፊውዝ ከባትሪው በ45 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይሁን። ይህ ፊውዝ የሚጠብቀው አምፑን አይደለም፤ ገመዱ ቦዲ ላይ ተላጦ ቢነካ መኪናው እንዳይቃጠል ነው። መጠኑ የአምፑ ፊውዞች ድምር ያህል፣ ገመዱ ከሚችለው ያልበለጠ ይሁን። ሲቃጠል ሽቦ ጠምዝዞ መተካት የለም። ገመዱ ብረት በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ጎማ አልብሱት።

ማሳው (ከአምፑ − ወደ መኪናው ቦዲ የሚሄደው ገመድ) አጭር ይሁን፤ ከ45 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ ውፍረቱም ከ+ ገመዱ ጋር እኩል። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፍቁት፤ የወንበር ቀበቶ ብሎን ግን አትንኩ።

ሰባተኛ፦ ጌይን

ጌይን የድምፅ መጨመሪያ አይደለም፤ ቴፑ የሚልከውን ምልክት ከአምፑ ጋር ማስተካከያ ነው። ሰብዉፈሩን ከአምፑ ንቀሉ። የቴፑን ኢኳላይዘርና የአምፑን ቤዝ ቡስት ዜሮ አድርጉ፣ ጌይኑን እስከ መጨረሻው መልሱት። ፍላሽ ላይ የ50 ኸርዝ ወጥ ድምፅ ጫኑ፤ ርካሽ ቴስተርም በዚህ ኸርዝ ላይ በትክክል ያነባል። ሞተሩ እየሠራ ቴፑን ሦስት አራተኛ ድረስ ክፈቱ።

የምትፈልጉት ቮልት የዋቱና የኦሙ ብዜት ስኩዌር ሩት ነው። 300 ዋት በ2 ኦም 24.5 ቮልት፤ 300 ዋት በ4 ኦም 34.6 ቮልት፤ 500 ዋት በ2 ኦም 31.6 ቮልት። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ በስፒከር ተርሚናሉ ላይ ያዙና ጌይኑን እዚያ ቁጥር እስኪደርስ ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ ከዚያ አታሳልፉት። ሰብዉፈር ከቀየራችሁ ወይም አያያዙን ከለወጣችሁ እንደገና ለኩ። ለ4 ኦም በ34.6 የተስተካከለ አምፕ 2 ኦም ሲገባበት 600 ዋት ሊያወጣ ይጥራል።

የሎው ፓስ ፊልተሩን (ቀጫጭኑን ድምፅ አግዶ ቤዙን የሚያሳልፈውን) 80 ኸርዝ አካባቢ አድርጉት፣ ቴፑን ዝጉና ሰብዉፈሩን መልሳችሁ አያይዙ።

ቀይ መብራት ሲበራ

ለግማሽ ሰዓት አጫውታችሁ አምፑን በእጃችሁ ዳሱት። ሞቅ ማለቱ ደንብ ነው፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ አየር ስጡት፣ ኦሙንም ደግማችሁ ለኩ። የፕሮቴክት መብራት ከበራ አጥፉና የስፒከሩን ገመድ ንቀሉ፣ ከዚያ መልሳችሁ አብሩ። መብራቱ ከጠፋ ጥፋቱ ከአምፑ ውጭ ነው፦ ወይ ኦሙ ወርዷል፣ ወይ ገመዱ ተላጦ ቦዲ ነክቷል፣ ወይ ኮይሉ ተጣብቋል። ስፒከሩ ተነቅሎም ቀዩ ካልጠፋ የቴፑን የድምፅ ገመዶች ንቀሉ፣ ማሳውን ፈትሹ። አሁንም ከበራ አምፑ ውስጡ ተበልቷልና ሰብዉፈሩን እንዳታያይዙበት፤ ቀጥታ የባትሪ ከረንት ወደ ኮይሉ ልኮ እሱንም ሊያቃጥለው ይችላል።